ከማሰሪያው ሥር ያለችው ጣት

ሰው ሙያዬን ሲጠይቀኝ በሆሳዕና አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነኝ እላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ማጥበቅ። ሞርሳ ላይ ያሰራችሁት ብረት ካልጠበቀ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ በሚሽከረከረው ቶርኖ ላይ ካልጠበቀ ደግሞ ተፈናጥሮ ግንባር ይበሳል እያልኩ ስጮህ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ የተፈናጠረ ብረት በጆሮዬ ሥር አልፎ የወርክሾፑን መስኮት ሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ላላ ያለ ነገር ማየት ያመኛል። የጎረቤት አጥር ሳይቀር ላልቶ ካየሁ ሳላጠብቀው አላልፍም። ባለቤቴ «እኔን እንኳ ያሰርከኝ በቀለበት ሳይሆን በብሎን ነው» ትለኛለች። ቀልዷን ነው፤ ግማሹን ማለቴ ነው።

ዶክተሩ ወርክሾፓችን የመጣው በነሐሴ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ በማንሰማማበት ሰዓት። የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ አስተማሪዎች ናቸው፤ አባቱ እኔንም ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ አስተምረውኛል። በዚህ የተነሳ እሱ «ጋሼ» ይለኛል፣ እኔም ሐኪምነቱን እያከበርኩ አንተ እለዋለሁ። በንጹሕ ፎጣ የጠቀለለውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው። ፒንሳ ይመስላል፤ አፉ ግን እንደታጠፉ ሁለት ጣቶች ወደ ውስጥ የዞረ ነው።

«የአጥንት ክላምፕ ነው» አለኝ። «የተሰበረውን አጥንት ጫፍና ጫፉን አገጣጥመን በዚህ እንይዘዋለን። ተይዞ እንዳለ ፕሌት የምንለውን ጠፍጣፋ ብረት ደርበን በብሎን እናስረዋለን። ከዚያ ክላምፑ ይወጣል። ይኼኛው ግን ጥርሱ አልቋል፣ እኔ ብሎን ሳስር እሱ ይንሸራተታል። አሁን ነርሷ ደርባ በእጇ ነው የምትይዝልኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኗል፣ ጋሼ።»

«አዲስ አይገዛም?»

«ተጠይቋል። ይመጣል። የሰው እግር ግን እስኪመጣ አይጠብቅም።»

የተሰማኝን ሳልደብቅ ልጻፍ። ደስ አለኝ። የሰው ሥቃይ ባለበት ነገር ደስ መሰኘት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ዕድሜዬን የበር ማጠፊያና የጋሪ አክስል ስሠራ ኖሬ፣ አንድ ቀን የሠራሁት ብረት ሰው ሥጋ ውስጥ ገብቶ አጥንት ሊይዝ ነው ብዬ ሳስብ ደረቴ ተነፋ። ክላምፑን አገላብጬ አየሁትና ወዲያው ፈረድኩ። ችግሩ አንድ ነው፤ አይጠብቅም። ማጥበቅ ደግሞ የእኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዶክተሩ አልነገርኩትም። አባቴ ወጌሻ ነበር። እኔ የተወለድኩት ሺንሺቾ አጠገብ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ከሩቅ አገር ወደ ደጃችን ያመጡ ነበር። አባቴ እጁን በቅቤ አሽቶ የተሰበረውን ከላይ ይዳብሳል፣ ይጎትታል፣ ያገጣጥማል፣ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ደግፎ በእንሰት ቃጫ ያስረዋል። እኔ ስድስተኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት ግን ይህን ሥራ በአንድ ቀን ተወው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ «ሐኪም ቤት ውሰዱት» እያለ ይመልሳል። ለምን እንደተወው እናቴ እስክትሞት ብትጠይቀውም «ሆድ ይፍጀው» ከማለት አላለፈም። እኔም ተምሬ ደሞዝተኛ ስሆን የአባቴን ሙያ የኋላ ቀር ሥራ አድርጌ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ዝም አልኩ።

አዲሱን ክላምፕ የሠራሁት ከማይዝግ ብረት ነው። ከድሮው ይልቅ ጥርሱን አጠለቅኩት፣ መንጋጋውን አወፈርኩት። እጀታው ላይ እንደ ካቴና ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆለፍ ነገር ጨመርኩበት፤ በእያንዳንዷ ቀጭታ መንጋጋው ይጠብቃል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። አሁን ጥያቄው በምን ልፈትነው የሚለው ሆነ። መልሱ ራሱ መጣ፤ መስከረም ነበርና።

አገራችንን የሚያውቅ ሰው መስቀል ምን እንደሆነ ያውቃል። ሐዲያው ያሆዴ ይለዋል፣ እኛ ከምባታዎች መሳላ እንለዋለን። ዓመቱን ሙሉ ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመው በዚያ ሳምንት ሥጋ የማይገባበት ቤት የለም። እኔም ከቤት ቤት እየዞርኩ የቅልጥም አጥንት ለመንኩ። ጎረቤቶቼ ውሻ ገዝቷል ብለው አሙኝ። አንዷ እንዲያውም ለውሻዬ ብላ ሳንባ ጨምራ ላከችልኝ። እኔ አጥንቶቹን ቀቅዬ አጠብኳቸው፣ በመዶሻ ሰበርኳቸው፣ እንደገና ገጥሜ በክላምፔ ያዝኳቸው። አራት ጊዜ ቀጭ። አምስት ጊዜ ቀጭ። ከጣሪያው ብረት ላይ አስሬ በክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ አልለቀቀም። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። ዶክተሩ መጥቶ ሲያይ በሳቅ ወደቀ፣ ከዚያ ግን ዝም ብሎ ደጋግሞ ሞከረው። ሆስፒታሉም የሚመለከታቸውን ሰዎች ሰብስቦ አየው፣ ተፈተሸ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ተፈቀደ።

መጀመሪያ የተያዘበት ሰው ከሞተር ሳይክል የወደቀ ጎረምሳ ነበር። ዶክተሩ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ንቅንቅ አላለም» አለኝ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አላስታውስም። ማን እንደ እኔ አልኩ።

በኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ዶክተሩ አልደወለም፤ ራሱ መጣ። ፊቱን ሳየው ሞረዴን አስቀመጥኩ። የወርክሾፑን በር ገርበብ አድርጎ ቆመ።

«ከሞርሲቶ የመጡ እናት ነበሩ» አለ። «እንሰት ጓሯቸው ውስጥ ጭቃ አንሸራትቷቸው ጭናቸው ተሰበረ። ዛሬ ጠዋት ኦፕራሲዮን አደረግናቸው። ክላምፑን ስቆልፈው አጥንቱ ከመንጋጋው ሥር ደቀቀ።»

«ስንት ጊዜ ቆለፍከው?»

«ሦስት።»

እስከ አምስት ይችላል ብዬ ነበር የሰጠሁት። አፌን ከፍቼ ልከራከር ፈለግሁ። እንዴት፣ እኔ ተንጠልጥዬበት አይደል ወይ ልል ነበር። ከዚያ የተንጠለጠልኩበት አጥንት ታየኝ። የመስቀል በሬ። ለመስቀል ያረጀ ከብት አይታረድም፤ ምርጡ፣ የደለበው፣ በጉርምስናው ያለው ነው የሚታረደው። እኔ ክላምፔን የፈተንኩት ከነነፍሱ ዛፍ በሚነቅል ሰንጋ አጥንት ላይ ነበር። አጥንታቸው የሳሳ አሮጊት ሴት ያን ዕለት ትዝ አላሉኝም። የሐዲያና የከምባታ ሰው ካልሆነ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ አይመስለኝም። ለእኛ አጥንት ማለት የመስቀል አጥንት ነው።

«ፕሌቱ የሚይዘው አላገኘም» አለ ዶክተሩ። «ዘግተን እግራቸውን በክብደት ጎትተነዋል። ሦስት ሳምንት ጠብቀን አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክራለን። ከዚያ በኋላ የሚሞከር ነገር የለም። ካልያዘ እኒህ ሴት ዳግመኛ አይራመዱም።»

«የኔ ጥፋት ነው» አልኩት።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ለመጽናናት ያህል እንኳ አልጠቀመኝም።

በሁለተኛው ቀን አንድ ፌስታል ሙዝ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የሄድኩት። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ከእግራቸው በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ከአልጋው ጫፍ ወርዷል። ቀጭን ሴት ናቸው። አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው ልጃቸው ስታየኝ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝና ለእናቷ በሐዲይኛ አንድ ነገር አለቻቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው መጣልሽ ማለቷ እንደነበር የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። በእኛ ዘንድ ወንጌላውያኑ የታመመ እየዞሩ መጠየቅና መጸለይ ልማድ ስለሆነ፣ ኮት ለብሶ ሙዝ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ተባረክ፣ ልጄ» አሉኝ በአማርኛ፣ ቃሉን ለየት ለየት እያደረጉ። «ዶክተሩ ደብቆ አላወራኝም። ብረቱ ከአጥንትሽ በላይ ጠነከረ አለኝ። ብረቱ ጨከነብኝ።»

«እማማ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ብዙ አልለምንም። እንደ ድሮ ገበያ ልሂድ አልልም። ደጅ ለመውጣት ግን ሰው እንዳይሸከመኝ ነው። ልጄ ትሸከመኛለች፣ እሷም ልጆች አሏት። እሱን ብቻ ጸልይልኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸውም አንገቷን ደፋች። እኔ ሁለቱን አየሁ። አሁን ልንገራቸው ወይስ ጸልዬ ልንገራቸው ስል አሰብኩ። ከዚያ ጸለይኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ የአልጋውን ብረት ጨብጬ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። አሜን ስንል አንድ ሙዝ ልጠው ሰጡኝ። በልቼ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ዶክተሩ የመለሰልኝን ክላምፕ በጋዜጣ ጠቅልዬ በአንጋጫና በዱራሜ በኩል ሺንሺቾ ወረድኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ሰውን በኮቴው ነው የሚያውቀው። ሁሉንም ነገርኩት። ወጌሻነቱን ከተወ ወዲህ በቤታችን ስለ አጥንት ሲወራ የመጀመሪያው ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ እጁን ዘረጋና ክላምፑን ተቀበለኝ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

«ይህ የጅብ አፍ ነው» አለኝ። «አጥንት ልብስ እንዳለው ታውቃለህ? ሥጋው ሲነሣ ከላዩ ስስ ልብስ አለው። የሚድነው በእሱ ነው። ይህ ልብሱን ይቀደዋል።»

ዶክተሩም ተመሳሳይ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ያ ስስ ሽፋን ለአጥንቱ ደም የሚያደርስለት ነው ብሎ። እኔ ያን ጊዜ ጥርስ ማጥለቁን ነበር የማስበው።

አባቴ የግራ ትንሽ ጣቱን መንጋጋው መካከል አስገባና እጀታውን ወደ እኔ አዞረው።

«ዝጋው» አለኝ።

«አባ፣ ተው።»

«ዝጋው አልኩህ።»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀጭ አደረግሁት። ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ድምፅ አላሰማም።

«አሁን እጅህ ምን ሰማ?»

«ምንም» አልኩት። እውነትም ምንም አልሰማም። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ መቆለፊያው ለስላሳ ነው። የአባቴ ጣት ይሁን የሰንጋ ቅልጥም እጄ አልለየም።

ጣቱን ሳወጣለት ለረጅም ጊዜ ሲያሻት ቆየ። «እኔ ሳስር» አለ በመጨረሻ፣ «ይህችን ጣት ከቃጫው ሥር አደርጋት ነበር። በበሽተኛው እጅና በማሰሪያው መካከል። አብራ ትታሰራለች። እሷን ሲያማት ይበቃል ማለት ነው። ያኔ ስቤ አወጣታለሁ፤ እሷ የነበረችበት ቦታ ለደሙ መሄጃ ይሆናል። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ሸምበቆ እያሰርኩ ነበር የተማርኩት። ሸምበቆው ከተሰነጠቀ የዚያን ቀን ምሳ የለም።»

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«አልነገርኩህም።» ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ። «አንዲት ልጅ ከፎንቆ አምጥተው ነበር። የሰባት ዓመት ትሆናለች። ክንዷ ነበር የተሰበረው፣ ቀላል ስብራት። በዚያ ሳምንት ሳጭድ ማጭድ ይህችን ጣት ቆርጦኝ በጨርቅ ጠቅልያት ነበር። ያመኛል ብዬ ሳላስገባት አሰርኩ። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ። አገራቸው ሩቅ ስለሆነ በማግስቱ ተመልሰው አላመጡልኝም፣ እኔም ሄጄ አላየሁም። በኋላ ሰምቼ ስሄድ እጇ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት ቆረጡት። የቀኝ እጇን።»

የስድስተኛ ክፍል ዓመቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ሁለት ሳምንት እህል አልቀምስ ብሎ የከረመበት፣ እናቴ በርጩማውን ደጅ እያወጣች ፀሐይ የምታሞቀው የነበረበት ጊዜ። እኛ ሆዱን ያመመው መስሎን ነበር።

«ወላጆቿ አልረገሙኝም» አለ። «ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ አንተ ሂድና ብረትህ ውስጥ ጣት አስገባበት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ያን ቀን ከሺንሺቾ ስመለስ በመኪናው መስኮት እያየሁ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሏት «አይዞህ» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነበረኝ። መቆለፊያውን መጀመሪያ ቆርጬ ጣልኩት። ጥርሶቹን ሞርጄ አጠፋኋቸው፤ በምትካቸው ስንዴ የሚያህሉ ዱልዱም ጉብታዎች ተውኩ። መንጋጋዎቹን በፒን ላይ አቆምኳቸው፣ አጥንቱ ሲነካቸው ራሳቸው ዞረው እንዲቀመጡበት እንጂ እኔ ባልኩት በኩል ብቻ እንዳይነክሱት። ከሁሉ በላይ ያለፋኝ እጀታው ነው። አሳሳሁት፣ ሲጨበጥ ትንሽ እንዲለመጥ አደረግሁት፣ በሁለቱ እጀታዎች መካከል አንድ አጭር የብረት ምላስ አቆምኩ። እጀታዎቹ ተለምጠው ምላሷን ሲነኩ በቃ፣ ያ ነው መጨረሻው። ከዚያ በላይ የጨበጠ ሰው የሚጨብጠው ብረቷን እንጂ አጥንቱን አይደለም። ምላሷን እኔና ተማሪዎቼ «ጣቷ» እያልን ነበር የምንጠራት። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

የምላሷን ርዝመት ለማወቅ ከወንዝ ዳር ያስቆረጥኩትን ደረቅ ሸምበቆ በየቀኑ በክላምፑ ያዝኩ። የመጀመሪያውን ሰነጠቅኩት። ሁለተኛውንም። ስንት እንደሰነጠቅኩ አልቆጠርኩም፤ የወርክሾፑ ወለል ቄጤማ የተጎዘጎዘበት መስሎ ነበር። ምላሷን በወረቀት ውፍረት እያስረዘምኩ፣ እያሳጠርኩ፣ የሚንሸራተተውንም የሚሰነጠቀውንም እየጣልኩ ሄድኩ። አንድ ማለዳ አንዱ ሸምበቆ ተይዞ አልተነቃነቀም፣ ስፈታውም አንድ ጭረት አልነበረበትም። ደጋግሜ ያዝኩት። ከዚያ ከሞተች አሮጊት ላም የወሰድኩትን አጥንት ያዝኩ። ከዚያ የራሴን ትንሽ ጣት። ሲያመኝ ቆመ። ዶክተሩም ወስዶ በራሱ እጅ ሞከረው፣ እንደ በፊቱም ታይቶ ተፈተሸ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አላጨበጨበም።

በኦፕራሲዮኑ ቀን ውጪ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጃቸው ጋር ተቀመጥኩ። እሷ አሁንም የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደሆንኩ ነው የምታውቀው። አጠገባችን ያለው በር በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን። አንድ ነርስ ባዶ ትሪ ይዛ ወጣች፣ ሌላዋ ገባች፣ ዶክተሩ አይወጣም። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ሃያ ዓመት ያመንኳቸው እጆች ናቸው። ፈራኋቸው።

ዶክተሩ ሲወጣ ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ።

«ያዘ» አለ። ለልጃቸው ነበር የሚናገረው፣ የሚያየው ግን እኔን ነው። «ፕሌቱም ተቀመጠ። የደቀቀውን ቁራጭ ማውጣት ስለነበረብን እግራቸው በአንድ ጣት ያህል ያጥራል። ግን ይራመዳሉ።» ልጃቸው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ እኔ ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ አቆመኝ» አለኝ።

በሰኔ አባቴን ለዓይኑ ሕክምና ሆሳዕና እቤቴ አመጣሁት። በዚያው ሰሞን ዶክተሩ ደወለልኝ። እማማ ለክትትል መጥተዋል፣ አጥንታቸው ገጥሟል፣ ግን ያነክሳሉ፣ ከአጭሩ እግራቸው ጫማ ሥር የሚጨመር ነገር ብትሠራላቸው አለኝ። አምጣቸው አልኩት። በባጃጅ ከልጃቸው ጋር መጡ። ከአጥሩ በር እስከ በረንዳው ድረስ በምርኩዝ ራሳቸው ተራመዱ፤ ልጃቸው ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከተላለች እንጂ አትነካቸውም። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ኮቴያቸውን ያዳምጥ ነበር።

ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ያን የጨከነብዎትን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የመጣሁት ይህን ልነግርዎ ነበር።»

ልጃቸው ቀና አለች። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ስትጸልይ ለእግዚአብሔር ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«እሱስ ያውቃል» አሉ። «መንገር ለእኔ ነበር። ሙዝ ልጬ ሰጠሁህ፣ በላህ።»

«አዎ።»

«ሁለተኛውንስ ብረት?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። «ደጅ ራሴ እወጣለሁ» አሉ። «ግን እግሬ አጠረ። ወደ አንድ ጎን እወድቃለሁ። ይህን አስተካክልልኝ።»

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ መለኪያዬን ሳወጣ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ግድግዳውን እየዳበሰ መጣና ከጎኔ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ያቺ የፎንቆ ልጅ እጇን ካጣች ወዲህ የሰው ስብራት ነክቶ አያውቅም።

«እናቴ፣ ይቁሙልኝ» አላቸው በከምባታ አማርኛው። «እግርዎን ልንካ?»

«ወጌሻ ነህ?»

«ነበርኩ» አለ።

ቆሙ። እሱ እጁን ጭናቸው ላይ ሳይሆን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አደረገ፣ ወደ ታች ዳበሰ፣ ተረከዛቸው ወለሉን ሳይነካ የቀረበትን ክፍተት አገኘው። የግራ ትንሽ ጣቱን እዚያ ውስጥ አስገባት። አልፋ አልወጣችም፣ አልተጨፈለቀችምም። እማማ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይህን ያህል» አለኝ።

ካሊፐሬን አውጥቼ የአባቴን ጣት ለካሁ። የማጭዱ ጠባሳ መሐሏ ላይ ነበር፤ ውፍረቷን የለካሁት ከነጠባሳው ነው።